መብራት ሲመለስ የሚረሳ ሜሞሪ፦ በፍላሽና በኢኢፕሮም ቺፕ ላይ የሚሠራ ፈርምዌርን የመፈተሻ ዝርዝር መመሪያ

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ወዳለችው ትንሽ የሥራ ክፍሌ አንዲት ጫጩት የሚያስፈለፍሉ ወይዘሮ የማሽናቸውን መቆጣጠሪያ ቦርድ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ። መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ማሽኑ የቀኑን ቆጠራ ወደ 1 ይመልሳል፤ በ37.7 ዲግሪ ያስተካከሉትንም ሙቀት ረስቶ ፕሮግራሙ ውስጥ ወደተጻፈው 36 ዲግሪ ይወርዳል። የዶሮ እንቁላል ለመፈልፈል 21 ቀን ይፈልጋል፣ ከ18ኛው ቀን ጀምሮ ደግሞ ማገላበጥ ይቆማል፤ ስለዚህ ቀኑን የረሳ ማሽን መተው ያለበትን እንቁላል እያገላበጠ፣ በዚያ ላይ እያቀዘቀዘው ይቀጥላል ማለት ነው። «መብራቱ ነው ያቃጠለብኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ከእኔ በፊት ያየው ባለሙያም በዚሁ አምኖ ኢኢፕሮሙን፣ ማለትም መብራት ቢጠፋም ቅንብሩን የሚይዘውን ሜሞሪ ቺፕ፣ ቀይሮላቸው ነበር። ለውጥ አልመጣም።

ጥፋቱ የመብራቱም የቺፑም አልነበረም። ከዚህ በታች የምጽፈው ያን ቦርድ ስፈትሽ የሄድኩበትን መንገድ ነው፤ ለሌላም ቦርድ እንዲያገለግል በየደረጃው አስፍቼዋለሁ። ቅደም ተከተሉን አለመዝለል ይሻላል፤ ምክንያቱም በዚህ ሥራ ብዙ ሰዓት የሚባክነው በማይታመን መሣሪያ የተነበበን መረጃ እውነት ብሎ ተቀብሎ፣ ከዚያ በኋላ የፈርምዌሩን፣ ማለትም በቦርዱ ላይ የሚሠራውን ፕሮግራም፣ ኮድ መበርበር በመጀመር ነው።

የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

መልቲሜትር፣ ሲኤች341ኤ የሚባለው የዩኤስቢ ፕሮግራመር፣ ባለ 8 እግር ክሊፕ፣ በሽቦዎች ላይ የሚያልፈውን ምልክት የሚቀዳ ባለ 8 መስመር ሎጂክ አናላይዘር፣ በ3.3 ቮልት የሚሠራ የዩኤስቢ ሲሪያል አስማሚ፣ እንዲሁም ለማይክሮኮንትሮለሩ (ፕሮግራሙን ለሚያስኬደው ዋና ቺፕ) የሚስማማ ዲበገር ይበቃሉ። አብዛኞቹን መርካቶ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል። ሶፍትዌሮቹ በነፃ የሚገኙ ናቸው፦ የፍላሽ ቺፕ ለማንበብና ለመጻፍ ፍላሽሮም፣ የሎጂክ አናላይዘሩን ምልክት ለማየት ፐልስቪው፣ ፕሮግራሙን በመሥራት ላይ እያለ አቁሞ ለማየት ኦፕንኦሲዲ ከጂዲቢ ጋር። የወይዘሮዋ ቦርድ ኤስቲኤም32ኤፍ103 ማይክሮኮንትሮለር፣ ቅንብሩን የሚይዝ ኤቲ24ሲ02 ኢኢፕሮም እና የሙቀቱን መዝገብ የሚይዝ ደብሊው25ኪው64 ፍላሽ ስለነበሩበት፣ ምሳሌዎቼ በእነዚህ ላይ ያተኩራሉ።

አንደኛ ደረጃ፦ ፕሮግራመሩን ራሱን መፈተሽ

ሲኤች341ኤ ርካሽ በመሆኑ በየጠረጴዛው አለ። በብዛት የሚሸጠው ጥቁር ቦርድ ግን የታወቀ ጉድለት አለበት፤ ለቺፑ የሚሰጠው ኃይል 3.3 ቮልት ሆኖ ሳለ፣ የፕሮግራመሩ ዋና ቺፕ በ5 ቮልት ስለሚሠራ የመረጃ መስመሮቹ ወደ 5 ቮልት ይወጣሉ። ደብሊው25ኪው64 የተዘጋጀው ከ2.7 እስከ 3.6 ቮልት ለሆነ ኃይል ነው። አንዳንድ ቺፕ ይህን ችሎ ይነበባል፣ አንዳንዱ የተሳሳተ ባይት ይመልሳል፤ ክፉው ነገር በክሊፕ አማካይነት በቦርዱ ላይ እንዳለ ሲነበብ 5 ቮልቱ አጠገቡ ወዳለው ማይክሮኮንትሮለር መግባቱ ነው።

ስለዚህ ምንም ቺፕ ሳይሰኩ ፕሮግራመሩን ከኮምፒውተሩ ጋር ያገናኙና የመልቲሜትሩን ጥቁር ጫፍ 25 ተብሎ በተጻፈበት ሶኬት 4ኛ እግር ላይ ያድርጉ፤ እርሱ ግራውንድ (የዜሮ ቮልት መነሻ) ነው። በቀዩ ጫፍ መጀመሪያ 8ኛውን፣ ማለትም የኃይል መግቢያውን፣ ቀጥሎም 1ኛውን፣ 2ኛውን፣ 5ኛውንና 6ኛውን እግሮች ይለኩ። እግሮች የሚቆጠሩት በቺፑ ላይ ካለችው ነጥብ ተነስቶ በሰዓት አቆጣጠር ተቃራኒ ነው፤ 8ኛው ከ1ኛው ፊት ለፊት ይውላል። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከ3.6 ቮልት ካለፈ፣ ፕሮግራመሩን አስተካክለው ወይም የቮልት ማስማሚያ ጨምረው ካልሆነ በቀር ወደ ቺፑ አያስጠጉት። ስሙ መጨረሻ ላይ ኤፍደብሊው የሚል የደብሊው25ኪው64 ዓይነት ደግሞ ከ1.65 እስከ 1.95 ቮልት ብቻ የሚቀበል ስለሆነ፣ ለእርሱ 3.3 ቮልትም ብዙ ነው። የቺፑን ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልቶ እስከ መጨረሻው ፊደል ማንበብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚሄድ አንድ የአካባቢያችን ነገር አለ። ዳር ዳር ባሉ ብዙ ቤቶች ሶኬቱ የመሬት ሽቦ የለውም፤ ላፕቶፑ ከቻርጀሩ ጋር እንደተያያዘ የዩኤስቢው ግራውንድ ከመሬት አንጻር በአሥሮች ቮልት ተንሳፎ ሊቀመጥ ይችላል። ፍሰቱ በጣም ትንሽ ቢሆንም ቦርዱ ከሌላ የኃይል ምንጭ ጋር በተገናኘበት ቅጽበት ቺፕ ሊጎዳ ይችላል። እኔ በምለካበት ሰዓት ቻርጀሩን ነቅዬ በባትሪ እሠራለሁ፤ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ደረቅና ነፋሻ ወቅት ደግሞ ቺፕ ከመንካቴ በፊት የሰውነቴን ስታቲክ ለማውረድ ከግራውንድ ጋር የተገናኘ ብረት እነካለሁ።

ሁለተኛ ደረጃ፦ የፍላሹን ማንነት መጠየቅ

ከማንበብ በፊት ቺፑ ማን እንደሆነ እንዲናገር ያድርጉ። ባለ 25 ተከታታይ ፍላሾች 9ኤፍ ለተባለው የሄክስ (በ16 መሠረት የሚጻፍ ቁጥር) ትእዛዝ ሦስት ባይት ይመልሳሉ። ደብሊው25ኪው64 የሚመልሰው ኢኤፍ፣ 40፣ 17 ነው። የመጀመሪያው አምራቹን ይናገራል፤ ኢኤፍ ዊንቦንድ፣ ሲ2 ማክሮኒክስ፣ ሲ8 ጊጋዲቫይስ ናቸው። ሦስተኛው በእነዚህ ቺፖች ላይ መጠኑን ይናገራል፤ ሄክስ 17 በተለመደው ቁጥር 23 ሲሆን፣ 2 በራሱ 23 ጊዜ ሲባዛ 8,388,608 ባይት ይሰጣል። ይህን በወረቀት አስልቶ ቺፑ ላይ ከተጻፈው ጋር ማመሳከር አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ የሐሰት ስም የታተመበትን ቺፕም በዚሁ ደቂቃ ያጋልጣል።

ሦስቱም ባይት ኤፍኤፍ ወይም ሦስቱም 00 ከሆኑ «ቺፑ ባዶ ነው» ብለው አይደምድሙ። ይህ መልስ ሳይሆን የመልስ አለመኖር ነው፤ ክሊፑ አልያዘም፣ ተገልብጦ ተሰክቷል፣ ወይም ኃይል አልደረሰም።

ሦስተኛ ደረጃ፦ ሦስት ጊዜ ማንበብ

በፍላሽሮም ሙሉውን ቺፕ ወደ ፋይል ያንብቡ። ክሊፑን ሳይነኩ በሌላ ስም እንደገና ያንብቡ። ለሦስተኛው ክሊፑን አውልቀው እንደገና አስረው ያንብቡ። የሦስቱንም ፋይሎች ኤስኤችኤ-256 (ከፋይሉ ይዘት የሚሰላ የማረጋገጫ ቁጥር) ያስሉና ያስተያዩ። አንዲት ቢት እንኳ ብትለያይ ቁጥሩ ፈጽሞ ሌላ ስለሚሆን፣ ሦስቱ ተመሳሳይ እስኪሆኑ ድረስ ምንም ነገር ወደ ቺፑ አይጻፍም። ሦስቱ ተመሳሳይ ቢሆኑም ፋይሉን በሄክስ መመልከቻ ይክፈቱ፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ኤፍኤፍ የሆነ ፋይልም ሦስት ጊዜ ተመሳሳይ ቁጥር ይሰጣልና። የመጀመሪያውን ትክክለኛ ቅጂ ቀን ጽፈውበት የማይነካ ቦታ ያስቀምጡ።

ንባቡ በየጊዜው ከተለያየ ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ክሊፕ ነው። ክሊፕ ቺፑን ብቻ ሳይሆን በዚያው የ3.3 ቮልት መስመር ላይ ያለውን ሁሉ ያበራል፤ ማይክሮኮንትሮለሩ ይነቃና በዚያው መስመር ላይ ከፕሮግራመሩ ጋር እኩል ማውራት ይጀምራል። ክሊፑ እንደታሰረ 8ኛው እግር ላይ ይለኩ። ቮልቱ ከ3 በታች ከወረደ ቦርዱ ኃይሉን እየሳበው ነው። የመጀመሪያው መፍትሔ የማይክሮኮንትሮለሩን የሪሴት እግር ከግራውንድ ጋር አገናኝቶ ማቆየት ነው። ይህ ካልሠራ 8ኛውን እግር ብቻ ከቦርዱ ማንሳት፣ ያም ካልተቻለ ቺፑን በሙቅ አየር አውርዶ በሶኬት ማንበብ ይቀራል። እኔ ማውረዱን አልወድም፤ በልምድ ማነስ ከተበላሹ ቺፖች ይልቅ የተነቀሉ የቦርድ መስመሮችን ይበልጥ አይቻለሁ።

አራተኛ ደረጃ፦ ፈርምዌሩ ለፍላሹ የሚለውን ማዳመጥ

የፍላሽ ጠባይ አጭር ነው፣ ግን ይቅርታ የለውም። መጻፍ 1ን ወደ 0 ብቻ ይቀይራል፤ ወደ 1 የሚመልሰው ማጥፋት ብቻ ነው፣ ትንሹ የሚጠፋው ክፍል ደግሞ 4,096 ባይት ነው። ከእያንዳንዱ መጻፍና ማጥፋት በፊት 06 የተባለው የመጻፍ ፈቃድ ትእዛዝ መላክ አለበት፤ ፈቃዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ያገለግላል። ትእዛዙ ከተላከ በኋላ ቺፑ ሥራ ላይ ስለሚሆን፣ በ05 ትእዛዝ ሁኔታውን እየጠየቁ የመጨረሻዋ ቢት 0 እስክትሆን መጠበቅ ያስፈልጋል። በዚያ መሃል የተላከን የመጻፍ ትእዛዝ ቺፑ ዝም ብሎ ይጥለዋል፤ ስህተት ተፈጥሯል ብሎ የሚናገርበት መንገድ የለውም። በደብሊው25ኪው64 ላይ አንድ ክፍል ማጥፋት እስከ 400 ሚሊሰከንድ ሊወስድ ይችላል፤ «10 ሚሊሰከንድ ጠብቅ» ብሎ የተጻፈ ኮድ አንድ ቀን ይሠራል፣ አንድ ቀን ይዘላል።

ይህን ለማየት የሎጂክ አናላይዘሩን ግራውንድ መጀመሪያ፣ ከዚያ አራቱን መስመሮች፣ ማለትም 1ኛ፣ 2ኛ፣ 5ኛና 6ኛ እግሮችን ያገናኙ። ርካሹ አናላይዘር በሰከንድ 24 ሚሊዮን ጊዜ ብቻ ስለሚያይ፣ የፍላሹ ክሎክ (የመረጃውን ፍጥነት የሚወስነው ምት) 8 ሜጋኸርዝ ከሆነ ለአንድ ዑደት ሦስት እይታ ብቻ ይደርሰዋል፤ ይህ ለመተማመን ያንሳል። ለሙከራ ብለው በኮዱ ክሎኩን ወደ 1 ወይም 2 ሜጋኸርዝ ዝቅ ያድርጉት። ፐልስቪው የፍላሹን ትእዛዞች በስማቸው የሚተረጉም መፍቻ አለው፤ 06 ሳይቀድመው የመጣ 02 (የመጻፍ ትእዛዝ) ካዩ፣ ወይም ከማጥፋት በኋላ ያለ 05 የተከተለ 02 ካዩ፣ ስህተቱን አገኙት።

በወይዘሮዋ ቦርድ ላይ ፍላሹ ንጹሕ ነበር። በመዝገቡ ውስጥ ግን ጠቃሚ ፍንጭ ተገኘ፦ ሙቀቱ የሚቀየረው ከእንደገና መነሳት በኋላ ብቻ ነበር፤ ማሽኑ ሳይጠፋ በቆየባቸው ቀናት አንድም ጊዜ አልተዛባም። ፕሮግራሙ ቅንብሩን ከኢኢፕሮም የሚያነበው ሲነሳ ብቻ ነውና፣ መረጃው የሚበላሸው ቀደም ብሎ፣ መብራት ባለበት ሰዓት ሆኖ ጥፋቱ የሚታየው ግን መብራት ሲመለስ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አምስተኛ ደረጃ፦ ኢኢፕሮሙን በራሱ አድራሻ መሙላት

24ሲ02 የሚይዘው በትክክል 256 ባይት ነው፤ አንድ ባይት ደግሞ ከ0 እስከ 255 ያለ ቁጥር ይይዛል። ይህ ግጥምጥሞሽ ደስ የሚል ፈተና ይፈቅዳል። መጀመሪያ የቺፑን ቅጂ በፕሮግራመሩ 24 ተብሎ በተጻፈበት በኩል ያውጡ፤ ከዚያ በአድራሻ 0 ላይ 0፣ በአድራሻ 1 ላይ 1፣ እንዲህ እያሉ እስከ 255 ይሙሉት። አሁን እያንዳንዱ ባይት የራሱን ቤት ቁጥር ይዞ ተቀምጧል። ቺፑን ወደ ቦርዱ መልሰው ፕሮግራሙ አንድ ጊዜ ብቻ እንዲጽፍ ያድርጉ፣ ያጥፉ፣ እንደገና ያንብቡ።

የመፈልፈያው ኮድ ሙቀቱን በአድራሻ 0 እና 1 ላይ ያስቀምጣል፤ 37.7 በ10 ተባዝቶ 377፣ በሄክስ 01 እና 79 ይሆናል። ከአድራሻ 4 ጀምሮ ደግሞ ስድስት ባይት ያለው መዝገብ ይጽፋል፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ደቂቃ፣ ባለ ሁለት ባይት የማገላበጥ ቆጠራ፣ በመጨረሻ ቼክሰም የሚባለው የማረጋገጫ ባይት። ስለዚህ ከ4 እስከ 9 ያሉት ተቀይረው ሌላው ሁሉ ባለበት መገኘት ነበረበት። የተገኘው ሌላ ነው። ከ4 እስከ 7 ተቀይረዋል። 8 እና 9 ላይ ግን 08 እና 09 እንደነበሩ ተቀምጠዋል፤ የተቀየሩት 0 እና 1 ናቸው።

ምክንያቱ የገጽ ወሰን ነው። ኤቲ24ሲ02 በአንድ ጊዜ የሚጽፈው 8 ባይት ባለው ገጽ ውስጥ ነው፤ ጽሑፉ ከገጹ ጫፍ ሲያልፍ ወደሚቀጥለው ገጽ አይሻገርም፣ ዞሮ ወደዚያው ገጽ መጀመሪያ ይመለሳል። የማገላበጥ ቆጠራው ሁለተኛ ባይትና ቼክሰሙ ሄደው በሙቀቱ ላይ ተቀመጡ። ማሽኑ ሲነሳ ሙቀቱ ከወሰን ውጭ ስለሚሆንበት 36ን ይወስዳል፤ መዝገቡም ቼክሰሙ 9 ላይ ስላልተገኘ ውድቅ ሆኖ ቀኑ ወደ 1 ይመለሳል። ሁለቱ ምልክቶች ከአንዲት መስመር ኮድ የመጡ ነበሩ።

ማሽኑን የሠራው ወጣት ስደውልለት «የመጀመሪያዎቹ ማሽኖች እኮ ያለ ችግር እየሠሩ ነው» አለኝ፤ እውነቱን ነበር። በእነዚያ ላይ የተገጠመው የኤስቲ ኤም24ሲ02 ሲሆን ገጹ 16 ባይት ስለሆነ፣ ከ4 እስከ 9 ያለው መዝገብ ወሰን ሳይነካ ይገባበታል። በ«24ሲ02» ስም የሚሸጡ ቺፖች በአንድ ሶኬት ቢገቡም የገጽ መጠናቸው አንድ አይደለም፤ ይህን የሚናገረው የአምራቹ ዳታሺት (የቺፑ ቴክኒካዊ መግለጫ) ብቻ ነው።

ስድስተኛ ደረጃ፦ በሲሪያልና በዲበገር ማረጋገጥ

ግምቱን በሁለት መንገድ አረጋገጥኩ። በሎጂክ አናላይዘር፣ በሰከንድ 2 ሚሊዮን እይታ፣ የኢኢፕሮሙን ሁለት መስመሮች ንግግር ያዝኩ፤ ኤ0፣ 04፣ ከዚያ ስድስት ባይት፣ በአንድ ትንፋሽ። ኤ0 የቺፑ አድራሻ ከመጻፍ ምልክቱ ጋር ነው፤ አንዳንድ መጽሐፍ ያንኑ ቺፕ 50 ሲል ቢያዩ አይደናገሩ፣ የመጨረሻዋን ቢት ሳይቆጥር ነው። ከዚያ በኤስቲ-ሊንክ ዲበገርና በኦፕንኦሲዲ ተገናኝቼ በመጻፊያው ፈንክሽን ላይ ማቆሚያ አደረግሁ፤ ፕሮግራሙ ሲቆም አድራሻው 4፣ ርዝመቱ 6 ነበር። ጠሪውን ወደ ኋላ ስከተል የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር እንደሆነ ታየ። ኤስቲኤም32ኤፍ103 እስከ ስድስት የሚደርስ ማቆሚያ በሃርድዌር ስለሚፈቅድ በቁጠባ ይጠቀሙበት።

ሲሪያሉን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አስማሚውን ሲያገናኙ ግራውንድ፣ መላኪያና መቀበያ ብቻ ይበቃሉ፤ የኃይል ሽቦውን ይተዉት። ዋናው ነገር ግን ስህተት ለመፈለግ የጨመሩት ጽሑፍ ስህተቱን ሊደብቅ መቻሉ ነው። በ115,200 ፍጥነት አንድ ፊደል 87 ማይክሮሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ 60 ፊደል ያለው መልእክት 5.2 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ኤቲ24ሲ02 አንድ ገጽ ለመጻፍ የሚፈልገው ጊዜ ደግሞ እስከ 5 ሚሊሰከንድ ነው። ቺፑ እስኪጨርስ መጠበቅን የረሳ ኮድ፣ መልእክት በተጨመረበት ቀን በትክክል ይሠራል፤ መልእክቱን ባነሱበት ቀን ብልሽቱ ይመለሳል።

ሰባተኛ ደረጃ፦ ማረምና መብራት እየነሱ መፈተን

መዝገቡን ከአድራሻ 4 ወደ 8 ማዛወር ብቻውን በቂ ነበር፤ ከ8 እስከ 13 በአንድ ገጽ ውስጥ ይገባልና። እኛ ግን የመጻፊያው ፈንክሽን ራሱ በየ8 ባይቱ ወሰን እንዲቆርጥና በእያንዳንዱ መሃል የቺፑን መልስ እንዲጠብቅ አደረግነው። የ8 ባይት አቆራረጥ በ16 ባይት ገጽ ላይም ይሠራል።

ቀጥሎ እውነተኛው የመብራት ጥያቄ ይመጣል፤ በእነዚያ 5 ሚሊሰከንዶች ውስጥ ኃይል ቢቋረጥ የሚጻፈው ገጽ ምን እንደሚሆን ዋስትና የለም። ስለዚህ መዝገቡ በሁለት ገጾች እየተፈራረቀ ይጻፋል፤ እያንዳንዱ ተራ ቁጥርና ቼክሰም ይኖረዋል፣ ማሽኑ ሲነሳ ቼክሰሙ ትክክል ከሆኑት መካከል ተራ ቁጥሩ ከፍ ያለውን ይወስዳል። ለመፈተን የቦርዱን ኃይል በሪሌይ በኩል አሳልፎ፣ ሌላ ትንሽ ቦርድ ባልተወሰነ ቅጽበት እንዲያጠፋና እንዲያበራ ማድረግ ነው። ለፈተናው ጽሑፉን በየጥቂት ሚሊሰከንዱ እንዲደጋገም ካላደረጉት፣ ኃይሉ በትክክል በመጻፍ መሃል እስኪቋረጥ ብዙ ይጠብቃሉ። ለዚህ ፈተና ዕድሜው የማያሳስብዎትን ቺፕ ይጠቀሙ።

ስለ ዕድሜ ካነሳን፣ የድሮው ኮድ በየደቂቃው ይጽፍ ነበር። በቀን 1,440 ጊዜ ነው፤ አምራቹ ለአንድ ቦታ ከሚገልጸው 1 ሚሊዮን ጊዜ ጋር ሲካፈል 694 ቀን ይወጣል፣ ሁለት ዓመት እንኳ አይሞላም። ወደ 15 ደቂቃ ስናሰፋው በቀን 96 ጊዜ ሆነ፤ በዚህ ሂሳብ ከ28 ዓመት በላይ ይደርሳል። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ቢበዛ የ15 ደቂቃ ቆጠራ ስለሆነ እንቁላሉን አይጎዳውም።

ቦርዱን ስመልስ ወይዘሮዋ ከፌስታሉ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ፤ የመጀመሪያው ባለሙያ «ተቃጥሏል» ብሎ ያወለቀው ኢኢፕሮም ነበር። በዚያው በአድራሻ ቁጥር ሞልቼ ሦስት ጊዜ አነበብኩት፣ 256ቱም በቦታቸው ተገኙ። ሰጡኝ፤ አሁን ከመሳቢያዬ አይጠፋም፣ ኢኢፕሮም ከመንካቴ በፊት የፕሮግራመሩን 24 ወገን የምፈትሸው በእርሱ ነው።